ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅስ ራስ ምታት፤ የእናቴ ጉዳይ

ጉዳዩ የእናቴ ነው። ጻፊው ብላ ፈቅዳልኛለች፣ ስሜን ግን እንዳታነሺ ብላለች። 66 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ አብረን ነው የምንኖረው፤ የምንተኛውም አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ የሌሊቱን ነገር በዓይኔ ነው የማውቀው። ደም ግፊት አለባት፤ ኢናላፕሪል እና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉትን ኪኒኖች በየቀኑ ትወስዳለች። ጨጓራዋም ደህና አይደለም። ከዚህ ውጭ ገበያ ሄዳ ዘንቢሏን ራሷ ይዛ የምትመለስ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማትቀር ሴት ናት።

ችግሩ እንዲህ ነው። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ትተኛለች። እንቅልፍ ወዲያው ይወስዳታል። ከዚያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ አንዳንዴ ትንሽ ቀደም ወይ ዘግየት ብሎ፣ ራስ ምታቱ ይቀሰቅሳታል። ነቅታ ከቆየች በኋላ አመማት ማለቴ አይደለም። የሚቀሰቅሳት ራሱ ሕመሙ ነው። ከግንባሯ ጀምሮ በሁለቱም ጎን እስከ ማጅራቷ ይይዛታል። አይወጋትም፣ አይነዝራትም፤ "ድፍን አድርጎ ይጨምቀኛል" ነው የምትለው። ተጋድማ ስትቆይ ስለሚከብዳት ተነሥታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ሻሿን ፈትታ ጠበቅ አድርጋ መልሳ ታስራለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ጸሎት ታደርሳለች፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ምን ታድርግ፣ ምስር ትለቅማለች። አዎ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ አግኝቻታለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይለቃታል። ጠዋት ምንም የለም። ቀኑን ሙሉም ምንም የለም። ይሄ "ቀን ምንም የለም" የሚለው ነገር በኋላ ዋናው ፍንጭ ሆኖ ተገኘ። በጊዜው ግን የሰማው ሁሉ "እንኳን ቀን አልሆነ" እያለ ነው ያለፈው።

የሰፈሩ ምርመራ

ሰፈራችን ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። አንዷ ጎረቤት ምች ነው አለች፤ ዳማከሴ ታሽቶ ተጠጣ፣ የተረፈውም ግንባሯ ላይ ተቀባ። ሌላዋ ብርድ ነው ብላ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት አምጥታ አስዋጠቻት። ለጨጓራ ሰው ፌጦ! ያን ቀን ከራስ ምታቱ ይልቅ ሆዷ ነበር ያስቸገራት። "በሌሊት ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ነገር ደግ አይደለም" ያሉም ነበሩ። ጠበል ሄደች። ጠበሉ ውስጧን አረጋጋላት፣ ያንን አልክድም። ራስ ምታቱ ግን በሰዓቱ መምጣቱን አልተወም።

"ግፊት ነው"

ግፊት ያለበት ሰው ራሴን አመመኝ ብሎ ጤና ተቋም ሲገባ መልሱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። የእኛም እንደዚያው ነበር። ለካት፣ 150 በ90 ሆነ፣ የኪኒኑ መጠን ከፍ አለ። ጨው ይቀነስ፣ ቡና ይቁም ተባለ። ጨዉን ያለ ጭቅጭቅ ተቀበለች። ቡናውን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ጠዋትና ከሰዓት ያፈላች ሴት ናትና ሐዘን ነበር የሆነባት። ለጨጓራሽም ጥሩ ነው ስለተባለች እንደ ምንም አቆመች።

ራስ ምታቱ ቀጠለ። ጭራሽ ቡናው ከቆመ በኋላ የሚዘልባቸው ሌሊቶች አነሱ።

ግፊት ዝም ብሎ ትንሽ ከፍ ስላለ ራስ አያምም። አብዛኛው ግፊት ያለበት ሰው ምንም ሳይሰማው ነው የሚኖረው፤ ለዚህም ነው ተንኮለኛ በሽታ የሚባለው። ራስ ምታት የሚያስከትለው ብዙ ጊዜ 180 በ120 እና ከዚያ በላይ ሲወጣ ነው። ሌላው ነገር ደግሞ፣ ሕመም በራሱ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ራሱን እያመመው የተለካ ሰው ላይ የታየውን ቁጥር ይዞ "ምክንያቱ ይሄ ነው" ማለት ነገሩን ገልብጦ ማየት ሊሆን ይችላል። የክንድ መለኪያ ገዛንና ሌሊት እያመማት፣ ጠዋት ደግሞ ደህና ሆና እለካት ጀመር። ልዩነቱ ይህን ያህል የሚባል አልነበረም። የተጨመረው ኪኒን ግን ብድግ ስትል ያዞራት ጀምሮ ነበር። ሌሊት በጨለማ የምትነሣ የ66 ዓመት ሴት ላይ ማዞር ሲጨመር ምን እንደሚመጣ አስቡት። እኔን ከራስ ምታቱ በላይ ያስፈራኝ መውደቋ ነበር።

ከግፊት በኋላ ሳይነስ ተባለ፣ አንቲባዮቲክ ታዘዘ። ከዚያ ዓይን ነው ተባለ፣ መነጽር ተቀየረ። መነጽሩ ጥሩ ነው፣ አሁን መርፌ ያለእኔ እርዳታ ትከታለች።

ደብተሩ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ጉዳዩን የፈታው በአብዛኛው ይሄ ነው።

አንድ ተራ የተማሪ ደብተር አልጋው ራስጌ አስቀመጥኩ። የተኛችበት ሰዓት፣ ሕመሙ የቀሰቀሳት ሰዓት፣ የለቀቃት ሰዓት፣ የት ጋ እንዳመማት፣ ምን እንደዋጠች፣ ግፊቷ ስንት እንደነበር። እኔ እንቅልፍ ከጣለኝ ራሷ ሰዓቱን ብቻ በእርሳስ ትጽፋለች። መጀመሪያ ሰሞን "አሁን ይሄ ምን ይሠራል" እያለች ነበር። በኋላ ግን ተመቻት መሰለኝ፣ ዳር ዳሩ ላይ "ዛሬ ቀለል ያለ"፣ "ዛሬ ክፉ" እያለች ትጨምርበት ጀመር።

ወራት ሲቆጠሩ ሦስት ነገሮች ከገጾቹ ላይ ወጡ።

የመጀመሪያው የፋሲካ ሌሊት ነው። ቅዳሜ ማታ ሳትተኛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በእግሯ ቆማ እያስቀደሰች ነበር፤ ራሷን ምንም አላላትም። ቤት ገብተን፣ ጾሙን ፈትተን፣ ሊነጋ ሲል ተኛች። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያው ራሱ ሕመም ቀሰቀሳት። ለእኔ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የዞረው። ያንን ሁሉ ወራት ከሌሊት 8 ሰዓት ጋር ስንጣላ ከርመን፣ ለካ ሰዓቱ ሳይሆን እንቅልፉ ነው የሚያመጣው። ካልተኛች አያማትም። ከተኛች ጥቂት ሰዓት ቆጥሮ ይመጣል።

ሁለተኛው የቀን እንቅልፍ ነው። ቀን መተኛት ልማዷ አይደለም። ሌሊቱን ተሰቃይታ በዋለችበት ቀን ግን አንዳንዴ ከምሳ በኋላ ጋደም ብላ ድብን ያለ እንቅልፍ ይወስዳታል። ከእነዚያ ቀናት በአንዳንዶቹ ላይ በጠራራ ፀሐይ ራሷን ይዛ ነቅታለች። ዓይኗን ከድና አረፍ ስትል ግን፣ እንቅልፍ እስካልወሰዳት ድረስ፣ ምንም የለም።

ሦስተኛው የኪኒን ነገር ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ትንሽ ያስቃል። ከፋርማሲ የምንገዛው ነጩ ፓራሲታሞል አንዴም አልረዳትም። ሪያድ የምትሠራ ዘመዳችን ስትመጣ ግን ያንን ቀዩን ፓናዶል ኤክስትራ ይዛላት መጣች። ይሄኛው ሕመሙ ሲቀሰቅሳት ከዋጠችው ቶሎ ይለቃታል። ቤተሰቡ በሙሉ "የዓረብ አገር መድኃኒት ኃይለኛ ነው" ብሎ ደመደመ። እኔም ካርቶኑን ገልብጬ እስካነብ ድረስ እንደዚያው አስብ ነበር። ውስጡ ያለው ፓራሲታሞል ያው 500 ሚሊግራም ነው፣ ከኛው ጋር እኩል። ልዩነቱ 65 ሚሊግራም ካፌይን አለው። ካፌይን ማለት እንግዲህ ያው የተከለከለችው ቡና ውስጥ ያለው ነገር ነው።

ይህን ስል ግን ቀዩን ኪኒን በየሌሊቱ ዋጡ ማለቴ አይደለም። ተራ ፓራሲታሞል በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ካፌይን የተቀላቀለበት ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እሷም ወደዚያው እያመራች ነበር።

የነርቭ ሐኪሙ

በመጨረሻ አንድ የነርቭ ስፔሻሊስት ጋ ገባን። ወጣት ነው። ደብተሩን ስሰጠው ተቀብሎ ያስቀምጠዋል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ አነበበው። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። ጥያቄዎቹ ከየት ወዴት እንደሚሄዱ በኋላ ስላስረዳን እንደገባኝ እጽፈዋለሁ።

"ክረምት ላይ ከሰል ክፍል ውስጥ ታስገባላችሁ?" አለ። ይሄ የኛ አገር ጥያቄ ነው። በተዘጋ ክፍል የተቀጣጠለ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ኦክስጅን መያዝ የሚገባውን ደም ቀድሞ ይይዘዋል። የተኛ ሰው ራሱን አሞት፣ አጥወልውሎት ከነቃ ዕድለኛ ነው፤ ሳይነቃ የሚቀርም አለ። ፍንጩ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሙሉ መታመማቸውና ውጭ ሲወጡ መሻሉ ነው። እኔ እዚያው ክፍል እየተኛሁ ምንም ሆኜ አላውቅም፣ ከሰልም ለበዓል ቡና ካልሆነ አናቀጣጥልም፣ ያውም በረንዳ ላይ። ይሄ ተሰረዘ።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ "ታንኮራፋለች? ትንፋሿ ተቋርጦ መልሶ ሲመጣ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" አለ። በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሰው ጠዋት ራሱን ከብዶት ይነሣል። እማዬ ጠዋት ደህና ናት። ማንኮራፋቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም (ይህን ስናገር በዓይኗ ነው የገረፈችኝ)።

ስታኝኪ መንጋጋሽን ያደክምሻል? ጸጉርሽን ስታበጥሪ ቆዳው ያምሻል? ዓይንሽ ላይ ጭጋግ ይመጣል? ከ50 ዓመት በላይ ያለ ሰው አዲስ ራስ ምታት ሲጀምረው የጭንቅላት ደም ቅዳ ብግነት መታሰብ አለበት፤ በቶሎ ካልታከመ ዓይን ያጠፋል። ለዚህ ኢኤስአር የሚባለውን ቀላል የደም ምርመራ አዘዘ። ደህና ሆነ። ማስታወክ፣ የእጅ የእግር መዛል፣ ከሳምንት ሳምንት እየባሰ መሄድ አለ ወይ ብሎም ጠየቀ። አልነበረም። ቢሆንም ኤምአርአይ አሠራን፣ በዚህ ዕድሜ የጀመረና ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ራስ ምታት እጢ አለመኖሩ ሳይታይ ስም አይሰጠውም አለ። ኪስ አራቆተን፣ ግን ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ውጤቱን እስክንሰማ ድረስ እማዬ ከራስ ምታቱ ይልቅ ስለ ቀብሯ ነበር የምታወራው፤ የዕድር ደብተሯን ሳይቀር አውጥታ አሳይታኛለች።

የቀረው አንድ ትልቅ ተጠርጣሪ ክላስተር የሚባለው ነው። እሱም ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፣ ሰዓትም ያከብራል። ግን ሕመሙ በአንድ ዓይን ዙሪያ ነው፣ እጅግ ከባድ ነው፣ በዚያው በኩል ዓይን ያስለቅሳል፣ አፍንጫ ያፈስሳል፣ ሰውየው አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት ይንቆራጠጣል። በእንቅልፍ ጊዜ ብቻ የሚመጣም አይደለም፣ ቀንም ይመጣል። ምስር እየለቀሙ የሚያሳልፉት ሕመም አይደለም።

ሐኪሙ ደብተሩን ዘግቶ ስሙን ነገረን፦ ሂፕኒክ ራስ ምታት። አንዳንዶች የደወል ሰዓት ራስ ምታት ይሉታል። ብዙ ሰው የሚይዘው አይደለም፣ ከሚይዛቸው አብዛኞቹ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ያሉ ናቸው፣ ሴቶች ይበዛሉ። ኒል ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም ነው በ1988 እ.ኤ.አ. 6 ሕመምተኞችን ይዞ መጀመሪያ የጻፈው። መስፈርቱ ከደብተራችን የተቀዳ ነው የሚመስለው፤ በእንቅልፍ ውስጥ ብቻ የሚጀምርና የሚቀሰቅስ፣ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ የቆየ፣ ከነቁ በኋላ ከ15 ደቂቃ እስከ 4 ሰዓት የሚዘልቅ፣ የዓይን እንባና የመንቆራጠጥ ነገር የሌለበት። መነሻው እንቅልፍንና የሰውነትን ሰዓት የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። የሚገድል ወይም አንጎልን የሚጎዳ ነገር አይደለም።

እማዬ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። "ተመስገን" ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

መድኃኒቱ

"እማማ፣ ማታ ከመተኛትዎ በፊት አንድ ስኒ ወፈር ያለ ቡና ይጠጡ" አላት።

እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው። "እየቀለድክብኝ ነው ልጄ?"

አልቀለደም። ለዚህ ራስ ምታት መጀመሪያ ከሚሞከሩት አንዱ ካፌይን ነው፤ ወይ በኪኒን ከ40 እስከ 60 ሚሊግራም፣ ወይ አንድ ስኒ ቡና። ካፌይን አዴኖሲን የሚባለውን እንቅልፍ የሚያመጣ ንጥረ ነገር በር ይዘጋበታል፤ ይሄኛውን ሕመም ለምን እንደሚከላከል ግን እስካሁን በውል አልተፈታም። የሚገርመው፣ እነዚህ ሕመምተኞች አብዛኞቹ ቡናው እንቅልፍ አይነሣቸውም። ቀዩ ኪኒን ለምን ይሠራ እንደነበርም በዚሁ ተመለሰ።

እኔ "ታዲያ ሕመሙ ቡና ስላቆመች የመጣ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። አይደለም አለ፣ ደብተሩን ሳይከፍት። ቡና ያቆመ ሰው ራስ ምታት በአንድ ቀን ውስጥ ጀምሮ ቢበዛ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይጠፋል፣ ያውም ቀን ነው የሚያስቸግረው። የእሷ ደግሞ ቡናው ሳይቆም በፊት የጀመረ፣ ከቆመም በኋላ ለወራት የቀጠለ ነው። ግምቴን ልናገር ካላችሁኝ፣ የከሰዓቷ ቡና ነገሩን በትንሹ ይዞላት ነበር፤ ሲወሰድባት ሌሊቶቹ በዙ።

ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። ሊቲየም አንዱ ነው፣ ራስኪን ራሱ የተጠቀመበት። ግን ኢናላፕሪልም ሆነ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሊቲየምን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታል፣ ሊቲየም ደግሞ ከልኩ ትንሽ ካለፈ መርዝ ነው፤ ኩላሊትና እንቅርትም በየጊዜው መታየት አለበት። ኢንዶሜታሲንም ይሠራል፣ ጨጓራ ያደማል፣ ግፊት ይጨምራል። እሷ ሁለቱም አለባት። ስለዚህ ቡናው በዋጋም በጣጣም የተሻለው ሆነ። ግፊቷን ግን በየሳምንቱ እየለካን እንድንመዘግብ፣ ቡናውን በባዶ ሆድ እንዳትጠጣ፣ ቀዩን ኪኒን እንድታቆም አደራ አለ። ተጨምሮ የነበረውን የግፊት ኪኒንም ወደ ድሮው መለሰው፤ ማዞሩ በዚያው ሄደ።

አሁን ማታ ራት ተበልቶ 3 ሰዓት ሲሆን ትንሿ ጀበና ትጣዳለች። አቦሉን ብቻ ነው የምትጠጣው። ቶና የለ፣ በረካ የለ፣ ዕጣን የለ። መጀመሪያ ሰሞን የቡናው ሽታ ግድግዳውን አልፎ ጎረቤት ሲደርስ "በዚህ ሰዓት እንግዳ መጣባችሁ?" የሚል ጥያቄ ነበር። እማዬም "መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው" ትላለች፣ ማንም አያምናትም።

ለውጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታየ፣ ግን ተአምር አልነበረም። መጀመሪያ ሕመሙ ቀለለ፣ ቀጥሎ የሚዘልባቸው ሌሊቶች በዙ። አሁን በደብተሩ ገጽ ላይ ባዶው ከተጻፈበት ይበልጣል። ሲመጣም እዚያው አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ታሳልፈዋለች፣ ወጥ ቤት አትደርስም። አንዳንዴ ለሽንት የምትነሣው በዝቷል፣ ከቡናውም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መተላለፊያው ላይ ትንሽ አምፖል በርቶ ያድራል።

የሚያስቸግረን ስትቆርብ ነው። ከቅዳሴው በፊት 18 ሰዓት ስለምትጾም የዚያን ማታ ቡናው የለም። ሐኪሙ በዚህ ላይ የሚለው የለውም፣ የንስሐ አባቷን ጠይቃ "እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለሕመም ከሆነ..." ብለው ሊያቃልሉላት ሲጀምሩ ራሷ ናት እምቢ ያለችው። በዚያ ሌሊት ቀደም ብላ ተኝታ፣ ሲቀሰቅሳት በዚያው ተነሥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። "ደወል ነው ብሎ የለ" ትላለች።

ይህ ራስ ምታት አንዳንድ ሰው ላይ ከጊዜ በኋላ በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ሐኪሙ ለተወሰኑ ሳምንታት ቡናውን ትታ እንድትሞክር ጠይቋት ነበር። ሞከረች፣ ሌሊቶቹ ተመለሱ፣ ጀበናውም ተመለሰ። ሁለተኛው ሙከራ ከክረምት በኋላ ይሁን ተብሏል። እማዬ ግን "ክረምቱም ይለፍ፣ መስቀልም ይለፍ፣ ከዚያ እናያለን" እያለች ቀኑን እያራቀችው ነው።